ግሬይሃውንድ፦ ለ30 ሰከንድ የተሠራ ውሻ

ዳማን ይዤ ስወጣ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። «በቀን ስንት ሰዓት ታስሮጫታለሽ?» ይሉኛል። ረጅም እግሯን፣ ሰርጎ የገባ ሆዷን አይተው ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ የምትውል ይመስላቸዋል። መልሴን ሲሰሙ ግን ይገረማሉ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት እንራመዳለን። የቀረውን ትተኛለች። ስትነቃ ደግሞ ቦታ ቀይራ ትተኛለች።

ዳማ ግሬይሃውንድ ናት። እዚህ እንግሊዝ አገር ስትወዳደር ቆይታ አራት ዓመት ሲሞላት ከውድድር ወጣች። ስሟን ያወጣሁላት በቀለሟ ነው፤ ዳማ ፈረስ እንደምንለው። በነገራችን ላይ «ግሬይ» የሚለው ስም ከግራጫ ቀለም የመጣ አይደለም። ግሬይሃውንድ ጥቁርም፣ ነጭም፣ ቡላም፣ ዝንጉርጉርም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዝርያ የሚወራው ነገር እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። በጣም ፈጣን ነው ይባላል፤ ሶፋ አይለቅም ይባላል። የዋህ ነው ይባላል፤ ድመት ይገድላል ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። አካሉ ለምን ሥራ እንደተሠራ ከገባን ጠባዩም ይገባናል። ውሻውን ወደ ቤት ለመውሰድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ይመስለኛል።

አብዛኛው አዳኝ ውሻ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ሽታ ይከተላል። ለሰዓታት ሊሄድ ይችላል። ግሬይሃውንድ ግን የሚያድነው በዓይኑ ነው። ቀና ብሎ ሜዳውን ይቃኛል። ጥንቸል ብድግ ስትል ካየ ይወነጨፋል። ነገሩ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው፤ ወይ ይይዛታል፣ ወይ ታመልጠዋለች። ዊፔት፣ ሰሉቂ፣ አፍጋን ሃውንድ፣ የሩሲያው ቦርዞይና የስፔኑ ጋልጎም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ዋዮንግ በተባለ ቦታ አንድ ግሬይሃውንድ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ተመዝግቧል። ዩሴይን ቦልት በሕይወቱ በፈጠነበት ቅጽበት እንኳ የደረሰው በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ነገር ግን ይህ ፍጥነት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ልብ በሉ። የተለመደው የእንግሊዝ ውድድር 480 ሜትር ያህል ነው። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል።

እኛ ሯጭ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲጨርስ፣ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ያንን ፍጥነት ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ላነሰ ጊዜ ይዞ ቆይቷል። ግሬይሃውንድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጣና ያበቃል። ጡንቻው የተሞላው በፍጥነት በሚኮማተሩ፣ በፍጥነትም በሚደክሙ ክሮች ነው። ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ልቡ ትልቅ ነው። ደሙም ከሌላው ውሻ የበለጠ ቀይ የደም ሴል ስላለው ብዙ ኦክስጅን ይሸከማል።

አሯሯጡም የተለየ ነው። ፈረስ ሲጋልብ በአንድ ሙሉ እርምጃ ውስጥ አራቱም እግሮቹ አንድ ጊዜ ከመሬት ይለቃሉ። ግሬይሃውንድ ግን ሁለት ጊዜ ይንሳፈፋል፤ አንዴ እግሮቹን ሆዱ ስር ሰብስቦ፣ አንዴ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ዘርግቶ። አቦ ሸማኔም የሚሮጠው እንደዚሁ ነው። ጀርባቸው እንደ ቀስት ይለጠጥና ይፈናጠራል። ዳማን የታጠረ ሜዳ ላይ ስለቃት ሁለት ዙር ትሮጣለች፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ እያለከለከች ትመጣና ትተኛለች። በዚያ ቀን ሌላ ሩጫ አትፈልግም።

እንግዲህ እንቅልፉን ስንፍና ብለን አንጥራው። ይህ አካል ሥራው አጭር፣ እረፍቱ ረጅም ነው። ለዚህም ነው ከትንንሽ እረኛ ውሾች ይልቅ ይህ ትልቅ ውሻ ለአፓርታማ ኑሮ የሚመቸው። ቁመቱ እስከ ትከሻው 70 ሴንቲ ሜትር አልፎም ሊሆን ይችላል፤ ክብደቱ ከ27 እስከ 40 ኪሎ ይሆናል። ሆኖም ተጠቅልሎ ሲተኛ የሚይዘው ቦታ ትንሽነት ያስገርማል። ደግሞ ቶሎ የሚቀመጥ ውሻ አይደለም። «ቁጭ በል» የሚለው ትእዛዝ ለብዙዎቹ አይመችም፤ የጭኑ ጡንቻ ወፍራም ስለሆነ በቂጡ መቀመጥ ይከብደዋል። ወይ ይቆማል ወይ ይተኛል። አልታዘዝ አለኝ ብላችሁ አትጨቅጭቁት።

የዚህ አካል ነገር አንድ ቀን እኔንም አስደንግጦኛል። ዳማን በወሰድኳት ሰሞን ለአጠቃላይ ምርመራ ይዣት ሄድኩ። የደም ውጤቷን ያየው ሐኪም ፊቱ ተለወጠ። የታይሮይድ ሆርሞኗ በጣም ዝቅ ብሏል አለኝ። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶቿ አንሰዋል፤ ኩላሊቷም መታየት አለበት አለኝ። ዕድሜ ልኳን የምትውጠውን መድኃኒት ሊያዝላት ነበር። እኔም ትንሽ ጊዜ ይሰጠኝ ብዬ ወጣሁ። ግሬይሃውንድ አዘውትሮ የሚያክም ሌላ ሐኪም ወረቀቱን ሲያይ ግን «ይህቺ ጤነኛ ናት» አለኝ።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። ላቦራቶሪው ውጤቱን የሚያነጻጽረው ከውሾች አማካይ ጋር ነው። ግሬይሃውንድ ደግሞ ከአማካዩ ይለያል። ታይሮይዱ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው። ፕሌትሌቱም ነጭ የደም ሴሉም ያንሳል። ጡንቻው ብዙ ስለሆነ ክሬአቲኒን የሚባለው፣ የኩላሊት ሕመም ምልክት ተደርጎ የሚታየው ነገር ከፍ ይላል። ቀይ የደም ሴሉ ሌላ ውሻ ላይ ቢታይ «ውሃ አንሶታል» የሚያሰኝ ነው። እርግጥ ግሬይሃውንድም ይታመማል። ስለዚህ ውሻው ላይ የሚታይ ምልክት ካለ ምርመራው ይቀጥል። ደህና የሚበላ፣ ደህና የሚጫወት ውሻ በወረቀት ብቻ ታማሚ ሲባል ግን «ለግሬይሃውንድ ይህ ቁጥር ልክ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ይኸው ወፍራም ደሙ ለሌሎች ውሾች ሕይወት ይሆናል፤ በደም ለጋሽነት በጣም ከሚፈለጉት ዝርያዎች አንዱ ነው።

ማደንዘዣ ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ታዮፔንታል ያሉት የቆዩ ማደንዘዣዎች ከዚህ ውሻ ሰውነት ቶሎ አይወጡም። ስቡ ትንሽ ነው፣ ጉበቱም መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ለመንቃት በጣም ይቆያል። ዛሬ የተሻሉ ማደንዘዣዎች ስላሉ ይህ ፍርሃት ሆኖ ከጥርስ ሕክምና እንዳያስቀራችሁ። የጥርስ ችግር እነሱ ላይ የተለመደ ነው፤ ከወሰዳችሁ በኋላ በየቀኑ ብሩሽ ብታደርጉለት ይጠቅመዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይደማሉ። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካወቀ መከላከያ መስጠት ይችላል።

ቆዳው ስስ ነው። እሾህ ወይም ሽቦ ሲነካው ሌላ ውሻ ላይ ጭረት የሚሆነው እሱ ላይ ስፌት ይፈልጋል። ፀጉሩ አጭር፣ ከቆዳው ስርም ስብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይበርደዋል። ክረምት ላይ ልብስ የምናለብሰው ለማስዋብ አይደለም። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ «ውሻ ሳሎን ውስጥ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። እኛ ቤት ውሻ ግቢ ውስጥ እንጂ ደጃፍ አልፎ አያውቅም። አንድ ማታ ግን ዳማ ምንጣፍ ላይ ስትንቀጠቀጥ አየቻት። ምንም ሳትል ተነሳችና የደረበችውን ጋቢ አውልቃ አለበሰቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢው የዳማ ሆነ። ወፍራም ፍራሽም ያስፈልገዋል፤ አጥንቱ የወጣ ስለሆነ ባዶ ወለል ይጎዳዋል። ሙቀትም አይችልም። በጋ ላይ በጠዋትና አመሻሽ ብቻ አውጡት።

አሁን ወደ ጠባዩ እንምጣ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ከውሻ የምንጠብቀው ጥበቃ መሆኑን አባባሉ ራሱ ይናገራል። ግሬይሃውንድ ግን እምብዛም አይጮኽም። እንግዳ ሲመጣ ብዙዎቹ ጅራታቸውን ይቆላሉ፣ ወይም ከተኙበት ቀና ብለው አይተው መልሰው ይተኛሉ። ቤት ጠባቂ የሚፈልግ ሰው ይህን ውሻ ባይወስድ ለሁለቱም ይሻላል።

ፍቅሩን የሚገልጽበት የራሱ መንገድ አለው። አጠገባችሁ ይመጣና ሙሉ ክብደቱን ጭናችሁ ላይ ያስደግፋል። እንደዚያ ቆሞ ሊያንቀላፋ ምንም አይቀረው። ሲመቸው በጀርባው ተንጋሎ አራት እግሩን ወደ ላይ ይሰቅላል። ቁጣ አይችልም። ድምፃችሁን ከፍ ካደረጋችሁበት ይኮማተራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከቦታው አልነቃነቅ ይላል። በዱላ የሚማር ውሻ አይደለም። የሚማረው በቁራሽ ዶሮ፣ በለሆሳስና በትዕግሥት ነው።

ሁለት ነገር ግን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሲተኛ ነው። የሩጫ ውሻ ያደገው ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር፣ በኋላም በማሠልጠኛ ማደሪያ ውስጥ ነው። ተኝቶ ሳለ ሰው ነክቶት፣ ሕፃን ወድቆበት አያውቅም። አንዳንዶቹ ደግሞ ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ፤ የነቁ ይመስላሉ። በድንገት ስትነኩት ገና ሳይነቃ ሊያጉረመርም፣ ሊነክስም ይችላል። ክፋት አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። መጀመሪያ በስሙ ጥሩት። ቀና ሲል ንኩት። ልጆች ካላችሁ «ፍራሹ ላይ ያለን ውሻ ማንም አይነካም» የሚል ሕግ አውጡና አጥብቃችሁ ጠብቁት። ይህ ከተጠበቀ ከልጆች ጋር በሰላም የሚኖር ውሻ ነው።

ሁለተኛው ያው ዓይኑ ነው። ውሻው ከውድድር ይወጣል፤ ዓይኑ ግን ጡረታ አይወጣም። በጎን በኩል ሳይቀር ሰፊ አካባቢ ያያል፤ በሩቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ከእናንተ በፊት ያገኛል። ያን ጊዜ ሶፋ ላይ የነበረው ውሻ ይጠፋል። ጆሮው ይቆማል፣ አንገቱ ይረዝማል፣ ስሙን ብትጠሩት አይሰማም። እንዲህ ያለ ውሻ በጥቂት እርምጃ ሙሉ ፍጥነት ላይ ይደርሳል። እናንተ ስሙን ጠርታችሁ ሳትጨርሱ መቶ ሜትር ርቋል። መኪናም አያይም፣ ገደልም አያይም፣ የሽቦ አጥርም አያይም።

ስለዚህ ባልታጠረ ቦታ ገመዱን አትፍቱ። ይህን ስል ብዙ ሰው እንደሚከራከረኝ አውቃለሁ። «የኔ ሲጠሩት ይመጣል» የሚሉ አሉ። በእርግጥ የሚመጡ አሉ። ግን አንድ ቀን ብቻ ሳይመጣ ቢቀር ነገሩ ያበቃል። እኔ ዳማን የምፈታት አጥር ያለበት ሜዳ ተከራይቼ ነው። ገመዱም የሚተጣጠፍና የሚረዝም ዓይነት አይሁን፤ ሲወነጨፍ ወይ እጃችሁን ይቆርጣል ወይ የውሻውን አንገት ይጎዳል። የአንገት ማሰሪያውም ልዩ ነው። የዚህ ውሻ ጭንቅላት ከአንገቱ ይቀጥናል፤ ተራ ማሰሪያ ወደኋላ ሲስብ ሾልኮ ይወጣለታል። ማርቲንጌል የሚባለው ሰፊ ማሰሪያ ግን ሲስብ ትንሽ ይጠብቃል፣ ሳያንቅም ይይዘዋል።

ድመትስ? ይህ ከውሻ ውሻ ይለያያል። አንዳንዱ ከድመት ጋር ተቃቅፎ ይተኛል፤ አንዳንዱ በፍጹም አይሆንም፤ መሃል ላይ ያለው በሥልጠና ይለምዳል። ጥሩ ድርጅቶች ውሻውን ከመስጠታቸው በፊት አፉን ሸፍነው በድመት ይፈትኑታል። ድመት ካላችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ቤት ውስጥ ድመቷን የለመደ ውሻ እንኳ ያቺኑ ድመት ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ሲያያት እንደ አደን ሊቆጥራት ይችላል። ፀጉራም ትንንሽ ውሾችም ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ የሩጫ ውሾች ከራሳቸው ዝርያ ሌላ ውሻ አይተው አያውቁም፤ ትንሹን ውሻ ጥንቸል ይመስላቸዋል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የአፍ መሸፈኛ ቢደረግለት ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ሲወዳደር የለመደው ነው፣ አያስጨንቀውም።

እነዚህ ውሾች ከየት ይመጣሉ? የዛሬው ውድድር የተጀመረው አሜሪካዊው ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ በሕይወት ያለችውን ጥንቸል በሚሽከረከር ሰው ሠራሽ ጥንቸል ከተካ በኋላ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ወደ ማንቸስተር ገባና በብሪታኒያ ተስፋፋ። በብሪታኒያ ከሚሮጡት አብዛኞቹ አየርላንድ ውስጥ የተወለዱ ናቸው፤ ጆሯቸው ውስጥ ንቅሳት አለ። አሁን ዘመኑ እየተለወጠ ነው። ፍሎሪዳ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ከለከለች፤ ውድድሩም በ2020 መጨረሻ ቆመ። በአሜሪካ የቀረችው ዌስት ቨርጂኒያ ብቻ ናት። ኒውዚላንድ በ2024 መጨረሻ ላይ እንደምትዘጋው አስታወቀች፤ ዌልስም በ2025 ተከተለች። የሚወዳደሩት ውሾች ከሩጫ የሚወጡት ብዙ ጊዜ በሁለትና በአምስት ዓመታቸው መካከል ነው። ዕድሜያቸው እስከ 12 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሄድ ስለሚችል፣ ቤት የሚያስፈልጋቸው ከሩጫው ዘመን ለሚበልጥ ጊዜ ነው።

ገልፍ አገሮች የምትኖሩ ደግሞ የዚህን ውሻ ዘመድ፣ ሰሉቂን፣ አይታችሁት ይሆናል። ረጅም ጆሮ፣ ጅራቱ ላይ ሐር የመሰለ ፀጉር ያለው ነው። በረሃ ላይ ከጭልፊት ጋር ሚዳቋና ጥንቸል ሲያድን የኖረ ነው፤ ዛሬም ይወዳደራል። ብዙ ዓረብ ቤት ውሻ ወደ ውስጥ ባይገባም ሰሉቂ ግን ከጥንትም ድንኳን ውስጥ ይገባ ነበር ይባላል። አጭር ርቀት ላይ ግሬይሃውንድ ይቀድመዋል፤ ረጅም ርቀት ላይ ግን ሰሉቂ አይደክምም። ስለዚህ ከግሬይሃውንድ የበለጠ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ለማያውቀው ሰውም ቀዝቀዝ ያለ ነው። «ሁለቱ አንድ ናቸው» ብሎ መውሰድ ስሕተት ነው።

ስለ ሕመም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በዚህ ዝርያ ላይ የአጥንት ካንሰር ይበዛል፤ በተለይ ዕድሜው ሲገፋ። ማነከስ ከጀመረ «ወለም ብሎት ነው» ብላችሁ ሳምንታት አትጠብቁ፤ ራጅ ይነሳ። እርግጥ የውስጥ እግሩ ላይ የሚወጣ ትንሽ የደነደነ ቁስልም ያስነክሰዋል፤ ያንን መጀመሪያ ተመልከቱ። ደረቱ ጥልቅ ስለሆነ ጨጓራው ተነፍቶ ሊጠመዘዝም ይችላል። ሆዱ ከተነፋ፣ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ሩጡ። እዚህ ላይ ሰዓቶች ይቆጠራሉ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ሕፃን እንደገባ ቁጠሩት። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ኖረው አያውቁም። የመስታወት በር ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ስለዚህ በዓይናቸው ቁመት ላይ ወረቀት ለጥፉ። ቫኪዩም ያስፈራቸዋል፤ ቴሌቪዥን ያስገርማቸዋል። ብቻቸውን መሆንም አልለመዱም፤ መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ለአስር እያላችሁ አለማምዱ።

ዳማን ያሸነፋት ደረጃ ነበር። ያንን ሁሉ ፍጥነት ይዛ ከታች ቆማ ትመለከተኛለች፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። በየደረጃው ቁራሽ ዶሮ አስቀመጥኩ። አንዱን የፊት እግሯን በእጄ ይዤ አስቀድማለሁ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ የኋላውን። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ደረጃ፣ ከዚያ በቃኝ ትላለች። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። በአሥረኛው ሌሊት በእንቅልፌ መሃል የጥፍር ድምፅ ሰማሁ። ብቻዋን ወጥታ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች፤ ጋቢው ከኋላዋ እየተጎተተ።